የሐዋሳ ነፋስ በማኮብኮቢያው ሁለት ጫፍ ይለካ

አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ሲወጣ ዜናው ከሞላ ጎደል ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ሊያርፍ ሲል ኃይለኛ ነፋስ ገጠመው፣ ከመስመሩ ወጥቶ ሣር ላይ ቆመ፣ መንገደኞቹ በሙሉ በሰላም ወረዱ። እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን። ሰው አለመሞቱ በእርግጥ የሚያስመሰግን ነው። ነፋሱ የምክንያቱ ሁሉ መጨረሻ ሆኖ ሲቀርብ ግን አልቀበለውም። ያ ነፋስ የት ቦታ ተለካ? ስንት ነበር? አብራሪው ጎማውን መሬት ከማስነካቱ በፊት ቁጥሩ ደርሶታል ወይ? ደርሶትስ ከሆነ ሳያርፍ ለመመለስ ነጻነት ነበረው? እነዚህ ጥያቄዎች እስካልተመለሱ ድረስ ጉዳዩ አልተዘጋም።

ይህን የምጽፈው ሐዋሳን እያሰብኩ ነው። አየር ማረፊያው ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፣ ያለውም ማኮብኮቢያ አንድ ብቻ ነው። ሐዋሳ የሚኖር ሰው የሐይቁን ጠባይ ከማንም አይማርም፤ ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ስለሚግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብሱ መንፈስ ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። በበልግና በክረምት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ዝናብ ያዘለ ደመና ከላይ ቀዝቃዛ አየር ያወርዳል፣ አየሩ መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተናል። ገና ጠብታ ሳይወርድ አቧራውና ቅጠሉ ሲነሳ የምናየው ለዚህ ነው። ይህ ነፋስ አቅጣጫውንና ጉልበቱን በደቂቃዎች ውስጥ ይለውጣል። ከሩብ ሰዓት በፊት የተመዘገበ ቁጥር ለዚህ ዓይነቱ ነፋስ አሮጌ ወሬ ነው።

የጎን ነፋስ አውሮፕላንን እንዴት እንደሚፈትን በሐይቁ ላይ ጀልባ የቀዘፈ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ነፋስ ከጎን እየገፋው ወደ አሞራ ገደል የሚሻገር ቀዛፊ የጀልባዋን አፍንጫ በቀጥታ ወደ ዳርቻው አያነጣጥርም፤ ጥቂት ወደ ነፋሱ ያዞራትና ሰያፍ ሆና ቀጥታ ትሄድለታለች። አውሮፕላንም ወደ ማኮብኮቢያ የሚቀርበው እንዲሁ ሰያፍ ሆኖ ነው። ጀልባዋ ግን ሰያፍ ሆና ዳር ብትነካ ምንም አትሆንም። አውሮፕላኑ ጎማው መሬት ከመንካቱ በፊት ባሉ ጥቂት ሰከንዶች አፍንጫውን ከመስመሩ ጋር ማስተካከል፣ በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍም ዝቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ከነካ በኋላ ሌላ ትግል ይጀምራል። ቀጥ ብሎ የቆመው የጭራ ክንፍ ሰፊ ስለሆነ ነፋሱ ይገፋዋል፣ አፍንጫውም ወደ ነፋሱ መዞር ይፈልጋል። አብራሪው ይህን የሚቋቋመው በእግሩ በሚረግጠው የጭራ መሪ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ በጭራው ላይ የሚያልፈው አየር ስለሚቀንስ መሪው ጉልበት ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ አውሮፕላኑን የሚይዘው ጎማው ብቻ ነው። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ጎማውም ይከዳል። አፍንጫው ዞሮ ሳለ አብራሪው ለማቆም የሞተሩን ግፊት ከገለበጠ፣ ያ ግፊት በከፊል አውሮፕላኑን ነፋሱ ወደሚገፋበት ጠርዝ ይጎትተዋል። በዝናብ ሰዓት ብዙ አውሮፕላኖች ከመስመር የሚወጡት በዚህ መንገድ ነው።

ሐዋሳ ላይ ከፍታውም አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ክንፉ እንዲሸከመው በመሬት ላይ ሲለካ ይበልጥ ፈጥኖ ማረፍ አለበት። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋበት የየካቲትና የመጋቢት ከሰዓት ይህ ጭማሪ ከ10 በመቶ ያልፋል። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ ማቆም ያለበት ጉልበት በ21 በመቶ ይጨምራል። በባሕር ጠረፍ ከተማ ይቅር የሚባል ትንሽ ስሕተት እዚህ ይቅር ላይባል ይችላል።

በአሜሪካ ዴንቨር የደረሰውን አደጋ ደጋግሜ የማስበው ለዚህ ነው። የዴንቨር አየር ማረፊያ በከፍታው ከሐዋሳ ብዙም አይለይም፣ 1,650 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2008 የኮንቲኔንታል አየር መንገድ በረራ 1404፣ ቦይንግ 737፣ 115 ሰዎችን ይዞ ለመነሳት ሲንደረደር ከማኮብኮቢያው በግራ በኩል ወጣና በእሳት ተያያዘ። ብዙዎች ቆሰሉ፣ የሞተ ግን አልነበረም። ከመቆጣጠሪያ ማማው ለአብራሪዎቹ የተነገራቸው የነፋስ ፍጥነት 27 ኖት፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ነበር። አውሮፕላኑን በመንደርደር ላይ ሳለ የመታው እስከ 45 ኖት የሚደርስ የጎን ነፋስ ነው።

ዴንቨር ድሃ አየር ማረፊያ አልነበረም። በግቢውና በዙሪያው ብዙ የነፋስ መለኪያዎች ተተክለው ነበር፣ የበረታውን ነፋስም መዝግበውታል። መርማሪዎቹ አብራሪው ወሳኝ በሆኑት ሰከንዶች የጭራ መሪውን መርገጥ ማቆሙን የአደጋው ምክንያት አድርገው አስቀመጡ። ሪፖርታቸውን ግን በዚያ አልዘጉትም። የነበረው ጠቃሚ የነፋስ መረጃ ለተቆጣጣሪውና ለአብራሪው እንዲደርስ ሥርዓቱ አያስገድድም ነበር አሉ፤ አብራሪዎች የሚለማመዱባቸው የበረራ ማስመሰያ መሣሪያዎችም ድንገት የሚበረታ ነፋስን በአግባቡ አያሳዩም ብለው ጨመሩ። ከሪፖርቱ የምወስደው ዋና ነገር ይህን ነው። መረጃው በአንድ ስክሪን ላይ እያለ በሬዲዮ የተነገረው ሌላ ነበር። እንዲህ በሀብታም አየር ማረፊያ ከሆነ፣ እኛ መለኪያ አለን ብሎ መተኛት አንችልም።

የጀርመኑ ሃምቡርግ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2008 በማዕበል ቀን የሉፍታንዛ ኤርባስ 320 ሊያርፍ ሲል የግራ ክንፉ ጫፍ አስፋልቱን ነካ። አብራሪዎቹ ማረፉን ትተው ወደ ሰማይ ተመለሱ፣ ዞረውም ለነፋሱ ይበልጥ በተስማማ ሌላ ማኮብኮቢያ ላይ በሰላም አረፉ። ምርመራው ሲካሄድ አንድ አሳሳቢ ነገር ወጣ፤ አምራቹ በሙከራ በረራ ያሳየው ከፍተኛ የጎን ነፋስ የሚፈቀደው ጣሪያ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አብራሪዎች ራሳቸው አንድ ዓይነት መረዳት አልነበራቸውም። ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገር ውስጥ መስመሮቻችን የሚበረው ኪው 400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በሙከራ የታየለት የጎን ነፋስ 32 ኖት ነው፤ በሰዓት 59 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን በሙከራ አብራሪ እጅ የተገኘ ነው፤ አስፋልቱ ሲረጥብ አየር መንገዶች ከዚያ ያነሰ ጣሪያ ለራሳቸው ያስቀምጣሉ። ሃምቡርግን ያዳነው ሁለተኛው አማራጭም ሐዋሳ የለውም። እዚህ ነፋሱ አልመች ሲል ያለው ምርጫ በሰማይ መጠበቅ ወይም ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነው።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ ማኮብኮቢያ ሲቀየስ አቅጣጫው ቢያንስ 95 በመቶ ለሚሆነው ጊዜ ለነፋሱ የሚስማማ እንዲሆን ይመከራል፤ ለትላልቆቹ አውሮፕላኖች ይህ የሚሰላው በ20 ኖት የጎን ነፋስ ነው። የሚታሰበውም ቢያንስ በ5 ዓመት የነፋስ ምዝገባ ላይ ተመሥርቶ ነው። ቁጥሩን ገልብጠን እንየው። በትክክል የተቀየሰ አየር ማረፊያ እንኳ 5 በመቶ የሚሆነው ጊዜ ከዚህ ስሌት ውጭ ሊሆን ይችላል፤ በዓመት ሲደመር የ18 ቀን ያህል ሰዓት ነው። እነዚያ ሰዓቶች በዓመቱ ላይ እኩል አይበተኑም። ከሐይቅ ዳር በሆነ ከተማ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በተወሰኑ ወራት ይከማቻሉ። እንግዲህ የሰዓት በሰዓት የነፋስ ምዝገባ በየወሩ ተጠናቅሮ ለሕዝብ ይውጣ፣ የበረራ ሰሌዳውም እሱን ተከትሎ ይውጣ። በሚበረታባቸው ወራት የሐዋሳን በረራ ወደ ጠዋት መሳብ ከምንም ማሻሻያ የረከሰ ነው። አዲስ አስፋልትም አዲስ ሕንጻም አይጠይቅም።

መለኪያውም በአንድ ቦታ ብቻ ሊሆን አይገባም። የነፋስ አመልካቹ ጨርቅ አቅጣጫን በዓይን ያሳያል፣ ስንት ኖት እንደሆነ ግን በትክክል አይናገርም። በማኮብኮቢያው በሁለቱም ጫፍ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ መለኪያ፣ ተቆጣጣሪው ፊት ያለ አንድ ስክሪን፣ አማካዩን ብቻ ሳይሆን በቅርብ ደቂቃዎች የታየውን ከፍተኛ የነፋስ ፍጥነትም ለአብራሪው መናገር ግዴታ የሚያደርግ አሠራር፦ የምጠይቀው ይህን ነው። የዝናብ ደመና ነፋስ አንዱን ጫፍ እየመታ ሌላው ጫፍ ጸጥ ሊል ይችላል። አብራሪው ማወቅ ያለበት ጎማው የሚነካበትን ጫፍ ነው።

ከመሣሪያው እኩል የሚያሳስበኝ እኛ መንገደኞች ነን። ሐዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ሁሌም ጉባኤ የሚጠብቀው፣ ሠርግ የሚደርስበት፣ ቀጠሮ ያለው ሰው አለ። አውሮፕላኑ ዞሮ ዞሮ ሳያርፍ ወደ ቦሌ ሲመለስ ቁጣው ይነሳል፦ «ደርሰን ሳለ ለምን መለሱን?» ቁጣው ይገባኛል። ግን አብራሪውም ሰው ነው፣ ከኋላው ያለውን ጉምጉምታ ያውቃል። የበረራ ደኅንነት ጥናቶች ለዓመታት ሲደጋግሙት የኖሩት አንድ አሳዛኝ እውነት አለ፤ ፍጥነቱ፣ ከፍታው ወይም መስመሩ ሳይስተካከል ወደ ማኮብኮቢያ የቀረበ አውሮፕላን በደንቡ መሠረት ማረፉን ትቶ መነሳት ሲገባው፣ እንዲህ የሚያደርገው ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነው። የቀሩት ያርፋሉ፣ አብዛኞቹም ምንም አይሆኑም። ምንም ባለመሆናቸው ነው በሚቀጥለው ጊዜም የሚሞክሩት።

ስለዚህ ዞሮ የተመለሰ አብራሪ በማንም ፊት ምክንያት እንዲያቀርብ ሊገደድ አይገባም፤ ለአለቃው ቢሆን፣ ለባለሥልጣን ቢሆን፣ ስልክ ለሚደውል እንግዳ ቢሆን። ባለጉዳዩን የሚያስቆጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መመለሱ ሳይሆን ከተመለሰ በኋላ የሚናገረው ሰው ማጣቱ ነው። ነፋሱ ስንት እንደነበረ በማይክሮፎን ይነገረው፣ ማደሪያና ቀጣይ በረራ ወዲያው ይሰጠው፣ ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ ይረዳሉ።

መስመር የለቀቀ አውሮፕላን ሲኖርም ምርመራው ወደ ማኅደር ገብቶ መቅረት የለበትም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአደጋ ምርመራ ደንብ (አባሪ 13) ከማኮብኮቢያ መውጣት ከከባድ ክስተቶች ምሳሌዎች መካከል የተጠቀሰ ነው። ለከባድ አደጋ የመጀመሪያ ሪፖርት በ30 ቀን፣ የመጨረሻውም ከተቻለ በ12 ወር ይጠበቃል፤ ሰው ባልሞተበትም ጉዳይ ይኸው ልማድ ይሁንልን። በሪፖርቱ ውስጥ የአብራሪው ስም አያስፈልገኝም። ማወቅ የምፈልገው በማረፊያው ደቂቃ በእያንዳንዱ ጫፍ የተመዘገበውን የነፋስ ቁጥር፣ በሬዲዮ የተነገረውን ቁጥር፣ አስፋልቱ ምን ያህል እርጥብ እንደነበረና አብራሪው በዚያ ዓይነት ነፋስ ለመጨረሻ ጊዜ የተለማመደበትን ጊዜ ነው።