ስማቸው የተጻፈበት ኮረብታ

አውስትራሊያ ውስጥ ካለችው ከአደሌይድ ከተማ በጠዋት ተነስተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነዳን። ግራ ቀኙ ቀይ አፈርና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። «እዚህ በረሃ ውስጥ ምን ልናይ ነው?» አለኝ ጓደኛዬ። «ሥዕል» አልኩት። አላመነኝም።

የምንሄደው ብሮክን ሂል ወደምትባል የማዕድን ከተማ ነበር። ያለችው በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ከሲድኒ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ ሰዓቷን እንኳ የምትቆጥረው ከአደሌይድ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ቻርልስ ራስፕ የሚባል የበግ እርባታ ሠራተኛ ቆርቆሮ ያገኘ መስሎት ከኮረብታው ድንጋይ አነሳ። በኋላ ሲታይ ብር፣ እርሳስና ዚንክ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቢኤችፒ (ብሮክን ሂል ፕሮፕራይታሪ) የተባለው የማዕድን ኩባንያ ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ ነው። እሱም በ1939 ጥሏት ሄደ። ለከተማዋ ስም የሰጠው ኮረብታ ራሱ ተቆፍሮ አልቋል።

ሰዉ ግን ሁሉም አልሄደም። እኔን የገረመኝም የቀሩት ሰዎች የሠሩት ነው።

የከተማዋ ሥዕል ጋለሪ የተመሠረተው በ1904 ነው። ራስፕ ድንጋዩን ካነሳ ገና 21 ዓመቱ! አቧራና ጭስ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ፣ ልጆቹ በእርሳስ ብናኝ የሚታመሙበት ሕዝብ፣ ሥዕል ማየት አማረው። ቆየት ብሎ ደግሞ ሰዓሊው ፕሮ ሃርት መጣ። ይህ ሰው ከመሬት በታች ገብቶ ማዕድን ሲቆፍር የኖረ ነው። የሣለውም የሚያውቀውን ነው፤ ቆፋሪዎቹን፣ ጉንዳኑን፣ የገጠሩን የፈረስ ውድድር። በ1973 ከአራት ሰዓሊ ጓደኞቹ ጋር ቡድን መሠረቱ፤ ሥዕላቸውን እያሳዩም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። በ1993 ደግሞ ከተለያዩ አገሮች የመጡ 12 ቀራጮች ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ ላይ የአሸዋ ድንጋይ ጠረቡ። ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ ቆመን ነበር። ድንጋዮቹ ቀስ በቀስ ቀሉ። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ስለ በረሃው አላጉረመረመም።

ከከተማዋ ራቅ ብሎ ሙታዊንትጂ የሚባል ጥንታዊ የዋሻ ሥዕል ያለበት ቦታ አለ። በ1998 መሬቱ ለነባር ሕዝቦቹ ተመልሷል። ዋናውን ሥፍራ ያለ አስጎብኚ ማየት አይፈቀድም። ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ቦታው የማን እንደሆነ መጀመሪያ ታውቃለህ፣ ከዚያ ታያለህ።

በከተማዋ ውስጥ ደግሞ ከቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ መስጊድ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግመል እየነዱ ዕቃ ያመላልሱ የነበሩ፣ «አፍጋን» ተብለው የሚጠሩ ነጋድያን የሰገዱባት ናት። አሁን ሙዚየም ሆናለች። ስለ ግመሎቹ ሳነብ ልቤ አፋር ሄደ።

ከአገር ከመውጣቴ በፊት አሕመድ ኢላ ሄጄ ነበር። ከባሕር ወለል በታች መቶ ሜትር ያህል የወረደ ምድር ነው። ሰዎች ጨዉን በመጥረቢያ ፈልፍለው፣ በልክ ጠርበው ግመል ላይ ይጭናሉ። አርሆው፣ ማለትም ጨው ጫኙ የግመል ቅፍለት፣ ወደ በራህሌ ከተማ ይወጣል። አያቶቻችን በአሞሌ ሲገበያዩ ገንዘባቸው የተቆረጠው ከእንዲህ ያለ ሜዳ ነው። ዳሎል ላይ ደግሞ ጣልያኖች፣ በኋላም አሜሪካኖች ለማዳበሪያ የሚውለውን ፖታሽ የተባለ ማዕድን ፍለጋ መጥተው ነበር። ከጨው ጡብ የተሠሩ ቤቶች ፍርስራሽ ቀርቷል። ኩባንያው ሄደ፣ ግድግዳው ቀረ። ልክ እንደ ብሮክን ሂል።

ግን ዳሎል ላይ የጨው ቆራጩን ሕይወት በራሱ በቆራጩ አንደበት የሚነግረኝ ነገር አላገኘሁም። አንድ ክፍል ሙዚየም፣ አንድ ሥዕል፣ አንድ የስም ዝርዝር አላየሁም። ቱሪስቱ ቢጫውንና አረንጓዴውን ፍል ውሃ ያያል፣ ከግመሎቹ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ መኪናው ውስጥ ይገባል። እኔም ያደረግኩት እሱኑ ነው። የአገሬ ሰው ሆኜ እንደ እንግዳ አይቼ ተመለስኩ። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም ነበር። በብሮክን ሂልም ቆፋሪዎቹን የሣለው ራሱ ቆፋሪ የነበረ ሰው ነው። የአፋር ሽማግሌ የሚናገረው ታሪክ ከፕሮ ሃርት ሸራ አያንስም፤ የሚቀዳው፣ የሚጽፈው፣ ለጎብኚው የሚነግረው ሰው ነው የጎደለው።

በመጨረሻው ቀን ከከተማዋ በላይ ወዳለው የማዕድን ቁልል ወጣን። እዚያ በሥራ ላይ ለሞቱ ቆፋሪዎች መታሰቢያ አለ። ከ800 በላይ ስሞች በሞቱበት ዓመት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ከስሙ ጎን የሞቱበት ምክንያት ተጽፏል። ቤተሰብ የሰካቸው ቀይ ጽጌረዳዎች በየስሙ አጠገብ ይታያሉ። ጓደኛዬ ስሞቹን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

እኔ ስልኬን አወጣሁ። አሕመድ ኢላ ያነሳሁትን ፎቶ አሁንም ይዤዋለሁ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጨው ይጠርባል። ለፎቶው አመሰግኜው ነበር። ስሙን ግን አልጠየቅኩትም።