እናንተ ታሳድጋላችሁ፣ እኛ እንበላለን

ገና አሁን ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ይቺን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዛሬ የት እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ግማሾቻችሁ እዚያው ነበራችሁ። ስትስቁም አይቻለሁ። አንድ በአንድ አይቻችኋለሁ።

ለመስቀል ብለን ነው የተሰበሰብነው። ቁርጡ ቀረበ፣ ክትፎው ቀረበ፣ ሁሉም ሙሉ ነው። እኔ ግን የቤዝቦል ቡድኔ የዋሽንግተን ናሽናልስ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ስለሆነ አንድ ጆሮዬ ውስጥ ማዳመጫ ሰክቼ ነበር። ነውር ነው አትበሉኝ። 161 ጨዋታ ከተከታተልኩ በኋላ 162ኛውን ልተወው? አስታማሚ በመጨረሻዋ ሰዓት በሽተኛውን ጥሎ ይሄዳል?

አለቀ። የ2025 ሲዝን 66 አሸንፈን፣ 96 ተሸንፈን ተዘጋ። ማዳመጫውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። እንጀራ ቆረስ አደረግኩ። ያኔ ነው ያ ልጅ አጠገቤ የተቀመጠው።

ቀይ ኮፍያ አድርጓል። በር ላይ ሳየው የኛ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀረብ ሲል የፊላደልፊያ ቡድን ኮፍያ ሆነ።

«ጋሼ፣ ስንት ሆናችሁ ጨረሳችሁ?» አለኝ።

ያውቃል እኮ! ስልኩ እጁ ላይ ነው።

«66» አልኩት።

«እኛስ ስንት እንዳሸነፍን ያውቃሉ?»

ዝም አልኩ።

«96። እናንተ 66 ለ96፣ እኛ 96 ለ66። መስታወት ፊት የቆምን አይመስልም ጋሼ?»

ሰው መስማት ጀመረ። ወሬው ሁሉ ቆመ። ልጁ አላቆመም። ጣቱን እያጠፈ ይቆጥርልኝ ጀመር።

«ሃርፐር። ተርነር። ሽዋርበር። ሦስቱም ከእናንተ ቤት አይደል የመጡት? እናንተ ታሳድጋላችሁ፣ እኛ እንበላለን። እግዜር ይስጥልን ጋሼ!»

ይሄን ብሎ አንድ ትልቅ ቁርጥ አነሳና አዋዜ ውስጥ ነከረው። ዓይኔን እያየ ጎረሰው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ሳቀች። የሃያ ሁለት ዓመት ሚስቴ! ቡና የምታፈላው ልጅ ረከቦቱን ይዛ ሳቀች። ስለ ቤዝቦል አንድ ነገር የማያውቁት እትዬ እንኳ ሳቁ።

ቀና ብዬ የሽማግሌ ዳኝነት ስጠብቅ አንዱ ሽማግሌ (ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ) ጉሮሯቸውን ጠርገው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉኝ። እንደገና ሳቅ።

እኔ ጌታ አይደለሁም። ይሄ ደግሞ ገና አይደለም። የገና ጨዋታ በዓመት አንዴ ነው። ይሄ ከመጋቢት እስከ መስከረም በየቀኑ ማለት ይቻላል ያለ ነገር ነው። የሰው ዕድሜ ነው።

መልሱ የመጣልኝ መኪና ውስጥ ነው። ሽዋርበርን እኛ አላሳደግነውም! ያደገው ቺካጎ ካብስ ቤት ነው። እኛ ጋ በ2021 ግማሽ ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ተርነርም ከሳንዲያጎ የመጣ ልጅ ነው። ከጥንስሱ የኛ የሆነው ሃርፐር ነው፣ በ2010 የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ተመርጦ። ይሄን ብለው ኖሮ ዝም ይል ነበር።

ግን መኪና ውስጥ ቀጥሎ ምን ትዝ አለኝ? ሽዋርበር በዚያው በ2021 ጁን ላይ በ18 ጨዋታ 16 ሆምራን (ከሜዳ ውጭ የሚወጣ ምት) የመታልን ሰው ነው። አስራ ስድስት! በቀጣዩ ወር ለቦስተን ሰጠነው። በዚያው ሳምንት ፒቸራችን (ኳስ ወርዋሪያችን) ሼርዘርንና ተርነርን አንድ ላይ ጠቅልለን ለዶጀርስ ላክን። ዘንድሮ ሽዋርበር ለፊላደልፊያ 56 ሆምራን መታ። ተርነር በናሽናል ሊግ በመምታት አማካይ አንደኛ ወጣ። እና ልጁ ምን ዋሸ? ያናደደኝ እኮ እውነቱን መናገሩ ነው።

አሁን «አንተ ደግሞ ምን አገባህ፣ የፈረንጅ ጨዋታ» የምትሉኝ አላችሁ። ይሄን ሰምቼ ሰምቼ ጠግቤያለሁ። ይሄ ቡድን ከሞንትሪያል ዋሽንግተን የገባው በ2005 ነው። እኔም ከዚያ ብዙ አልቀደምኩትም። አዲስ መጤ ነበርን፣ ሁለታችንም። ያን ጊዜ የሚጫወቱት በአሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም ነው። እኔ ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ የማታ ፈረቃ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ትቶልኝ የሄደ አንቴናዋ በፕላስተር የታሰረ ትንሽ ሬዲዮ ነበረች። የቡድኑን የሬዲዮ አስተላላፊዎች ቻርሊና ዴቭን የሰማሁት በእሷ ነው። እንግሊዝኛዬ ከትምህርት ቤት ይልቅ ከእነሱ የመጣ ነው። ኳስ ስትመታ ድምፅዋን ሰምቼ የት እንደምትወድቅ እስከማውቅ ደረስኩ። አዲሱ ስታዲየም በ2008 ሲከፈት፣ በመጀመሪያዋ ማታ ተጫዋቻችን ዚመርማን የመጨረሻዋን ኳስ መትቶ ሲያሸንፍ ብቻዬን ቡዝ ውስጥ ጮኼ ደንበኛ ደንግጧል።

ስለዚህ ያገባኛል።

በ2012ም ነበርኩ። ስትራስበርግን «ክንዱ ይረፍ» ብለው ከ159 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ነው) በኋላ ያስቀመጡት ጊዜ። 98 ጨዋታ አሸንፈን፣ ምርጡ ፒቸራችን ጤነኛ ሆኖ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያያል። ከሴንት ሉዊስ ጋር አምስተኛውና የመጨረሻው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ላይ 6 ለ0 ስንመራ ቆይተን 9 ለ7 ተሸነፍን። አንዲት ኳስ ነበር የቀረችን። አንዲት! ያን ሌሊት መኪናውን ሊወስድ የመጣ አንድ ትልቅ ሰውዬ መሪውን ደግፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ገንዘብ አልተቀበልኩትም። በነጋታው ከኪሴ ተቆረጠ። ይሁን።

2019 መጣ። 19 ለ31 ጀምረን ዓለም ሁሉ ሲስቅብን ዋንጫውን ያነሳን። የዋንጫው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ የረቡዕ ማታ ነበር። አለቃዬን ከሁለት ሳምንት በፊት ፈረቃ ቀይርልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። እሺ ብሎኝ ነበር። በዕለቱ ጠዋት ደወለ፤ «ሰው የለኝም፣ አንተ ግባ» አለ። ቀኑን እስካሁን አልረሳሁለትም። ኬንድሪክ የመታት ሆምራን ሂዩስተን ላይ የቀኙ መስመር ቢጫ ምሰሶ ላይ ስትጋጭ እኔ በተሰነጠቀ ስልክ ነው ያየሁት። ፒቸራችን ኮርቢን ገብቶ ሦስት ኢኒንግ አንድም ነጥብ ሳይገባበት ወረወረ። ለዚህ ነው ከዚያ በኋላ ኮርቢን ሲሸነፍ፣ በ2022 ብቻ 19 ጊዜ ሲሸነፍ፣ አንድም ቀን ያልሰደብኩት። ዕዳውን ከፍሏል። ስትራስበርግንም አልሰድብም። 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው የወረወረው፤ ግን ሰውነቱ ነው የከዳው፣ እሱ አልከዳንም።

እኔ የምናደደው በተጫዋቾቹ አይደለም። ይሄን ያዙልኝ።

እዚያው ግብዣ ላይ አንዱ ጓደኛችን፣ ራሱን ያውቃል፣ ሊያጽናናኝ መጣ። «አይዞህ፣ ግንባታ ላይ ናቸው፤ ታገስ» ይለኛል። ግንባታ! ከ2021 ጀምሮ ነው የምንገነባው። 65፣ 55፣ 71፣ 71፣ 66። ይሄ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያሸነፍነው ጨዋታ ብዛት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የሚቆፈር መሠረት ምን ዓይነት ፎቅ ሊሆን ነው? «ልጆቹ ሲደርሱ ታያለህ» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

«ኮከባችንን ሶቶን መሸጣቸው ግን ልክ ነበር» አለ ደግሞ። እሺ፣ ልክ ነበር። 440 ሚሊዮን ለ15 ዓመት ሲሰጡት አልፈልግም አለ። በ2022 ለሳንዲያጎ ሰጥተውት ዉድ መጣ፣ ኤብራምስ መጣ፣ ጎር መጣ። ጥሩ ልውውጥ ነው፣ አልክድም። ከዚያስ? ተዘራ፤ ማን ያጠጣ? እነዚህ ልጆች አጠገብ የሚቆም አንድ በሳል ሰው በወጉ ገዙ? ባለቤቶቹ በ2022 ቡድኑን ልንሸጥ ነው አሉ፤ በ2024 አንሸጥም አሉ። መሸጥ መብታቸው ነው፣ አለመሸጥም መብታቸው ነው። ግን ካልሸጣችሁ ኪሳችሁን ፍቱት! የምንከፍለው እኮ አልቀነሰም። ትኬቱም፣ ቢራውም፣ ማሊያውም።

ናትናኤል ሎውን እንይ። ስሙን ብቻ ሰምታ ባለቤቴ ወዳው ነበር፤ «ናቲ ዛሬ መታ?» ትለኛለች። እሱን ከቴክሳስ ለማምጣት ሮበርት ጋርሲያ የሚባል ግራኝ ፒቸራችንን ሰጠን። ቡልፔናችን (ተቀይረው የሚገቡት ፒቸሮች) እንደተቀደደ ጆንያ በየማታው ሲፈስ ከረመ። እየመራን ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ስንደርስ ሬዲዮዋን እቀንሳታለሁ፤ ልቤ አይችልም። ጋርሲያ ግን ቴክሳስ ላይ የመጨረሻዋን ኢኒንግ እየወረወረ ጨዋታ ይዘጋ ነበር። ናቲስ? ኦገስት ላይ አሰናበቱት። በቀናት ውስጥ ቦስተን አነሳው። በነፃ! ፒቸሩም ሄደ፣ ናቲም ሄደ።

ጁን ላይ 11 ጨዋታ በተከታታይ ስንሸነፍስ? ሦስቱን የተሸነፍነው በገዛ ሜዳችን በኮሎራዶ ነው። ዓመቱን 119 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነው! አሰልጣኙ በዚያ ሰሞን ጥፋቱ የአሰልጣኞች አይደለም፣ የተጫዋቾቹ ነው አለ። እኔ ይሄን ስሰማ ጨዋታውን ሳይሆን ልጆቹን ነው ያሰብኩት። ብዙዎቹ ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ናቸው። የቤት አባወራ ጎረቤት ፊት ልጆቹን እንዲህ አይልም። ጁላይ 6 ላይ እሱንም ጄኔራል ማናጀሩንም አንድ ላይ አባረሩ፣ 37 ለ53 ላይ ሆነን። ጄኔራል ማናጀሩ ከ2009 ጀምሮ ወንበሩ ላይ የነበረ ሰው ነው፣ ከአዳዲስ ተጫዋቾች አንደኛውን ምርጫ ልንመርጥ ሳምንት ሲቀረው። እናስ? ከዚያ በኋላስ ምን ተለወጠ? አሁን ደግሞ ቡድኑን ሊመራ ከቦስተን አንድ የ35 ዓመት ወጣት ይመጣል ተብሏል። ይምጣ። እግዜር ይርዳው። ገንዘብ ካልሰጡት ግን እሱስ ምን ያድርግ?

ዉድን ሳስብ ነው ሆዴ የሚባባው። ቁመቱን አይታችኋል? አናሃይም ላይ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው እንዳይመታ አሳለፉት። ከባሪ ቦንድስ ወዲህ እንዲህ የተፈራ ሰው የለም፣ ከ2004 ወዲህ። ለምን አሳለፉት? ከኋላው የሚያስፈራ ሰው ስለሌለ ነዋ! 31 ሆምራን መታ። 221 ጊዜ ደግሞ ሦስቱንም ዕድሉን አባክኖ ሳይመታ ወጣ። ሰው ይሄን ቁጥር እያነሳ ይሰድበዋል። የቤቱን ሸክም ሁሉ የተሸከመ የ23 ዓመት ልጅ ነው፤ ሁሉንም ኳስ ልምታ ቢል ይፈረድበታል?

ቀጣዩ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ጎር ነው። ዘንድሮ ኦልስታር ሆኗል (ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል)፤ ስለዚህ በስሏል፤ ስለዚህ ይሸጣል። ከዚያ ዉድ። ከዚያ ያ ልጅ በሌላ መስቀል መጥቶ ሌላ ጣት ያጥፍብኛል።

ደከመኝ። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። ልጄ «አባዬ፣ ለምን ቡድን አትቀይርም?» አለችኝ መኪና ውስጥ። ምን ብዬ ልመልስላት? ሰው አገር ሲቀይር ቀላል ይመስላታል። አንዴ ቀይሬያለሁ። ሁለተኛ አልችልም።

ይሄን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ያ ልጅ ነው። ቁጥሬን ማን እንደሰጠው አጣራለሁ። «ጋሼ፣ ቀልዴን ነው፣ ይቅርታ። ኤፕሪል ላይ አብረን ስታዲየም እንግባ፣ እኔ ነኝ የምጋብዘው» ይላል። ከሥሩ የፊላደልፊያን ኮፍያ አድርጎ የተነሳውን ፎቶ ልኳል።

አልመለስኩለትም። ነገ ማታ ፈረቃ አለኝ። ሬዲዮዋን ቡዝ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ትቻት ነው የመጣሁት። እስከ መጋቢት ድረስ ምን ልሰማባት ነው?