ማስተካከያ፦ የአየርላንድ ገጠር ፖሊስ ጣቢያዎችን ማን ዘጋቸው?
ባለፈው ስለ አየርላንድ ገጠር ስጽፍ፣ አንድ የአካባቢ ምክር ቤት አባል በጀት አንሶ አገልግሎት እየተዳከመ ነው ያሉትን አንስቼ፣ ፖሊስ ጣቢያዎቹን የዘጋው እሳቸው ያሉበት የካውንቲው (የአካባቢ አስተዳደሩ) ምክር ቤት ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የመንግሥት መግለጫዎችና የፓርላማ መዛግብት እንደሚያሳዩት፣ በ2012 እና 2013 እ.ኤ.አ. የተዘጉት 139 ጣቢያዎች የተዘጉት በአገር አቀፍ ደረጃ በተወሰነ ውሳኔ ነው። ምክር ቤቱ የሚይዘው የአካባቢ መንገድ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ እሳት አደጋና የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ነው፤ ፖሊስና ሆስፒታል በእጁ የሉም። በኔ ስህተት ሰዎች "ራሳችሁ ዘግታችሁ!" እያሉ የምክር ቤት አባሉን ወቅሰዋል። አይገባቸውም ነበር፣ ይቅርታ። እሳቸው ያነሱት ስጋት ግን እውነት ነው። ጣቢያው የተዘጋባቸው አዛውንት የፓስፖርት ፎርም ፖሊስ ፈርሞ ማህተም እንዲመታላቸው ሌላ ከተማ ድረስ መሄድ አለባቸው፤ አውቶቡስ ካገኙ ነው እሱም። ጽሑፉን አርሜዋለሁ። የቀድሞውን ያጋራችሁ ይሄንንም አጋሩልኝ።