እርማት፦ የአእምሮ ጠባሳና የስልክ ሕክምና

«ባለሙያ ፊት ካልተቀመጡ የጦርነት ጠባሳ አይታከምም፤ በስልክ ዘበት ነው» ላልከው ወንድሜ፦ ተሳስተሃል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ በ196 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ በአንድ አሰቃቂ ክስተት ለመጣ ቀላልና መካከለኛ ጠባሳ ቴራፒስት (የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ) የሚያግዝበት የኢንተርኔት ሕክምና ከፊት ለፊቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ለተደራረበ ጉዳት ግን መልስ አልሰጠም፤ የደሴ ሰው ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያየው አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

ቴራፒስቶችን የሚያሳስባቸው ሌላ ነው፦ ታካሚው ስሜቱ ሲገነፍል ማን አጠገቡ አለ? ማንስ ይሰማዋል? አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ «አብሽር» እየተባባለ፣ ስለዚያች ሌሊት እንዴት ይወራል? የጆሮ ማዳመጫ የሚደብቀው የባለሙያውን ድምፅ እንጂ የታካሚውን አይደለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ቴራፒስት ሕክምናውን ሳይጀምር የት እንደተቀመጥክና ማን አብሮህ እንዳለ ይጠይቅሃል።