«ሬጅስተር ኮፒ ማድረግ ነው» ለምትሉ ሁሉ

አሁን ከስብሰባ መውጣቴ ነው፣ ደሜ ገና አልበረደም። ሥራችን ሲሙሌተር ላይ ነው፤ ኮምፒውተርን በሶፍትዌር አስመስሎ ፕሮግራም ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የሚለካ። ፕሮግራሙ እየሮጠ መሃል ላይ የሲፒዩውን ሞዴል በሌላ እንቀይራለን፤ ያኔ ሬጅስተሮቹ (ሲፒዩው ቁጥር የሚይዝባቸው ትንንሽ ማስቀመጫዎች) ወደ አዲሱ መሻገር አለባቸው። ያ ሲፒዩ ሲቀየር ተኝቶ የሚቀረው ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሮጡት የፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ) ዛሬ በሰው ፊት መሳቂያ አደረገኝ።

አለቃችን ወንበራቸው ላይ ዘና ብለው «አንቺ ልጅ፣ ሬጅስተር ኮፒ ማድረግ እኮ ነው! ምኑ ነው ይሄን ያህል ጊዜ የሚፈጀው?» አሉኝ። «ሬጅስተሩማ መጥቷል፤ ትሬዱ ከእንቅልፉ አይነሳም ነው የምለው» አልኳቸው። «ታዲያ ቀስቅሺው!» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አዲሱን የሲፒዩ ሞዴል የጻፈው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ! እሱ እንኳን አንገቱን ይደፋል ብዬ ነበር።

እሺ፣ ልቀስቅሰው። የቱን? ፕሮግራሙ መጀመሪያ ፈጣን በሆነው ቀላል የሲፒዩ ሞዴል ነው የሚሮጠው። አንዱ ትሬድ ሎክ (በአንዴ አንድ ትሬድ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ) እስኪለቀቅለት ፊውቴክስ በሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም መጠበቂያ ላይ ይተኛል፤ ሲሙሌተሩ «ተኝቷል» ብሎ ይመዘግበውና የተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ የአሮጌውን ሲፒዩ ትሬድ ኮንቴክስት ፖይንተር (የትሬዱ ሁኔታ የት እንደተቀመጠ የሚጠቁም አድራሻ) ያስቀምጣል። ከዚያ እያንዳንዱን እርምጃ በጥንቃቄ ወደሚያስመስለው የሲፒዩ ሞዴል እንቀይራለን። የእኛ አዲስ ሞዴል 32ቱን ኢንቲጀር ሬጅስተር ወሰደ፣ ፕሮግራም ካውንተሩን (የቀጣዩን ኢንስትራክሽን አድራሻ) ወሰደ፣ «ተኝቷል» የሚለውንም ወሰደ። ለተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ግን «ከእንግዲህ በእሱ ቦታ እኔ ነኝ» አላለም። ሎኩን የለቀቀው ትሬድ ሊቀሰቅስ ሲመጣ የሚቀሰቅሰው ከሥራ የወጣውን አሮጌውን ነው። አዲሱ እስከ ዓለም ፍጻሜ ይተኛል። በጉልበት ብቀሰቅሰውስ? ያለ ጊዜው ይነሳና ሎኩን ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል ወይም ይቀጥላል፤ እኛ ደግሞ የምንለካው ጊዜን ነው!

ሌላ የሚሠራ ትሬድ ሲጠፋ የኢቨንት ኪው (ሲሙሌተሩ ቀጥሎ የሚሠራቸው ነገሮች ወረፋ) ባዶ ይሆናል፣ ሲሙሌተራችን ጄም5ም በራሱ የጊዜ መቁጠሪያ 18446744073709551615 ቲክ ላይ ደረስኩ ብሎ ይዘጋል። ይሄ ቁጥር 64 ቢት ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። አንድ ቲክ አንድ ፒኮሰከንድ ሲሆን ከ213 ቀን በላይ ማለት ነው። ሚሊሰከንድ ለሚፈጅ ፕሮግራም 213 ቀን! ይሄን አይቶ «ራኑ አልቋል» የሚል ሰው አለ። የስታት ፋይሉ (የልኬቱ ውጤት) ስለተጻፈ ቁጥሩን ቀድቶ ቻርት ሠርቶበታል። ዛሬ ግድግዳው ላይ የታየው ቻርት እሱ ነው።

ደግሞ ኮፒው ራሱ ቀላል ነው ያላችሁ ማን ነው? አውት ኦፍ ኦርደር ሲፒዩ (ኢንስትራክሽኖችን ከተራቸው ውጭ የሚሠራ) ውስጥ የፊዚካል ሬጅስተሩ፣ ማለትም በውስጡ በእውን ያሉት ሬጅስተሮች፣ ብዛት ከፕሮግራሙ ሬጅስተሮች እጅግ ይበልጣል። የቱ ፊዚካል ሬጅስተር የማን እንደሆነ የሚነግራችሁ የሪኔም ማፕ ነው፣ እሱም ኮሚት የሆነውን (ተጠናቆ የጸደቀውን) የያዘው ማፕ። መንገድ ላይ ያሉት ኢንስትራክሽኖች ሳይጠናቀቁ ብታነቡ የአሮጌና የአዲስ ቅልቅል ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ድሬን ይደረግ (የተጀመረው ሁሉ ይጠናቀቅ) እያልኩ የምጮኸው። «ያዘገየዋል» ይሉኛል።

ቆይ፣ የፍሎቲንግ ፖይንቱስ (የነጥብ ቁጥሩ ሂሳብስ)? ሬጅስተሮቹ ተወስደው የራውንዲንግ ሞዱ (ቁጥር በየት በኩል እንደሚጠጋጋ የሚወስነው) ሳይወሰድ የቀረ ጊዜ ውጤቱ መጨረሻ አሃዙ ላይ ተለወጠ። «ኮምፓይለሩ ነው» አሉኝ፤ ኮምፓይለር ሲለዋወጥ ከረመ። ያ ሁሉ ሰው ጊዜውን አቃጥሎ ጥፋቱ የነበረው ያልተቀዳ አንድ ኮንትሮል ሬጅስተር ላይ ነው። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

የትሬድ አይዲውንስ ነገር ምን ልበላችሁ! ትሬድ አይዲ በአንድ ሲፒዩ ውስጥ የሚቆጠር ነው፤ በመላው ሲስተም የሚቆጠረው ኮንቴክስት አይዲ ነው። ይሄን ስንቴ ሪቪው ላይ ጻፍኩ? ኮር በኮር አንድ አንድ ትሬድ ብቻ ሲኖር የሁሉም ትሬድ አይዲ ዜሮ ነው። በእሱ አሬይ (ተራ በተራ የተቀመጠ የቁጥር ዝርዝር) ውስጥ ቦታ ከመረጣችሁ በአንድ ኮር ሁሉም ያምራል፤ አራት ኮር ስታደርጉት የአራቱም ቁጥር ዜሮኛው ቦታ ላይ ይከመራል። ኮዱ ዛሬም እንደዚያው ነው። «በእኔ ማሽን ይሠራል» የሚል መልስ ተጽፎበት ተዘግቷል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስድቡን እችለዋለሁ። የሚያንገበግበኝ በዚህ ቁጥር ላይ ሌላ ሰው ዲዛይን መወሰኑ ነው። ካሽ ይጨመር ወይስ ይቀነስ፣ ኮር ይብዛ ወይስ ይነስ የሚባለው ከዚህ ቻርት ተነስቶ ነው። ግማሹ ትሬድ ተኝቶ የተለካ ነገር ምኑን ያሳያል?

ፓቹን (የኮድ ማስተካከያውን) ልኬዋለሁ። ሲፒዩ ሲቀየር የተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ላይ ያለውን አሮጌ ፖይንተር በአዲሱ ይተካል፣ ሌላ ምንም የለውም። የሚያሳየውን አጭር ቴስትም አያይዤበታለሁ፤ ሁለት ትሬድ፣ አንድ ሎክ፣ መሃል ላይ የሲፒዩ ቅያሬ። እስካሁን የከፈተው የለም። ቻርቱ ግን ነገ ይላካል ተብሏል፤ ከተላከ ስሜን አውጡልኝ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። መልስ አልሰጡኝም።