ለአዲስ አበባ ቤት የትኛው ይሻላል፤ ፋይበር ወይስ በሲም የሚሠራ ራውተር?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ልጆች የሚያጠኑበትና ቢያንስ አንድ ሰው ከቤት ሆኖ የሚሠራበት የአዲስ አበባ ቤተሰብ አንዱን ብቻ መምረጥ ቢኖርበት፣ እስከ ቤቱ የሚዘረጋ ፋይበር (ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣ ቀጭን የመስታወት ገመድ) ያስገባ ወይስ የ4ጂ ወይም የ5ጂ ራውተር ገዝቶ ሲም ይክተትበት?

የፋይበር ወገን፦

ብዙ ሰው ይህን ምርጫ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን የምጀምረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ይከፍታል፤ የአንድ የሞባይል አንቴና አቅም ደግሞ በአካባቢው ላለ ተጠቃሚ ሁሉ የሚከፋፈል በመሆኑ፣ ቀን ላይ ደህና ሲሠራ የዋለው ራውተር ማታ ቪዲዮ ማቆራረጥ ይጀምራል። ፋይበርም እንደሚከፋፈል አልክድም። ሆኖም ጂፖን በሚባለው አሠራር በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ገደማ የሚያወርደው አንድ መስመር ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ለ32 ወይም ለ64 ቤት ነው፤ ተካፋዮቹ የታወቁ ናቸው፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰውም አይጨመርባቸውም።

ሌላው ሒሳቡ ነው። በኤችዲ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ በየምሽቱ ለሁለት ሰዓት ያህል የሚያይ ቤተሰብ እንግዲህ በወር 180 ጊጋባይት ያህል ለመዝናኛ ብቻ ያወጣል፣ የልጆቹ ትምህርትና የቪዲዮ ስብሰባው ሳይቆጠር ማለት ነው። የመስመር ኢንተርኔት ወርሃዊ ክፍያ የሚተመነው በፍጥነት ስለሆነ ይህን ያህል መጠቀም አያሳስብም። በሲም የሚሠራው ግን «ያልተገደበ» ቢባልም እንኳ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱን የሚቀንስ አንቀጽ ሊኖረው ስለሚችል፣ ውሉን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

የገመድ አልባ ወገን፦

ተከራካሪዬ የገለጹልን ቤት የራሱ ጊቢ ያለው ሰው ቤት ነው። አብዛኛው የከተማችን ነዋሪ ግን ተከራይ ነው፤ ተከራይ ደግሞ ግድግዳ ለማስበሳት አከራይ ማስፈቀድ፣ ውል ሲያልቅ መስመሩን ማዛወር፣ የተዛወረበት ሰፈር ፋይበር ከሌለው ደግሞ እንደገና ከዜሮ መጀመር አለበት። ራውተሩን ግን ከልብሱ ጋር በሻንጣ ይዞት ይሄዳል። ጠዋት የገዛውን ከምሳ በፊት ይጠቀምበታል፤ ቴክኒሻን መጠበቅ የለም።

ፋይበር በሁሉም ሰፈር እንዳለ አድርጎ መከራከርም ላም አለኝ በሰማይ ነው። ባልደረሰበት ሰፈር «የቤት መስመር» ሲባል የሚገኘው በአሮጌው የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ነው፤ የተሻሻለው ዓይነት እንኳ በወረቀት ላይ በሰከንድ ከ24 ሜጋቢት አያልፍም፣ ከስልክ ማዕከሉ በራቁ ቁጥር ደግሞ እየወረደ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ለቪዲዮ ስብሰባ የማይበቃ ይሆናል። በዚህ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስንት መንገድ እንደተቆፈረ ሁላችንም አይተናል። ቁፋሮ ባለበት ሁሉ ገመድ የመቆረጥ ዕድል አለው፤ በአየር የሚመጣውን ግን ዶማ አያገኘውም።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በሲም የሚጠቀም ሰው ምርጫ አለው። የአንዱ ኔትወርክ ቢደክምበት የሌላውን ሲም ይከታል፣ ራውተሩ ለአንድ ድርጅት ብቻ ያልተቆለፈ እስከሆነ ድረስ። የመስመር ደንበኛ ምርጫው በደጃፉ ገመድ የዘረጋው ድርጅት ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋም የሞባይል አንቴና ባትሪ አለው፤ ራውተሩም የራሱ ባትሪ ያለው ከሆነ ሥራ አይቋረጥም።

የፋይበር ወገን፦

ስለ ተከራይ የተባለው እውነት አለበት፤ በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ሰው ፋይበር አስገባ ብዬ አልመክርም። ስለ መብራት የተባለው ግን ተገልብጦ ነው የቀረበው። በጂፖን ከማዕከሉ እስከ ቤት ድረስ ብርሃኑን የሚያከፋፍለው ዕቃ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ስለዚህ ማዕከሉ በጄኔሬተር ከሠራ፣ እርስዎ ቤት የሚያስፈልገው ለመቀበያዋ ሳጥንና ለዋይፋዩ የሚሆን አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው። በአንጻሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ዋይፋይ የነበረው ጎረቤት ሁሉ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞር፣ አንቴናው ባትሪ ኖሮትም ይጨናነቃል። ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅም ፋይበር ይቀላል። ሳጥኗ ላይ «ሎስ» የሚል ጽሑፍ ያለባት መብራት ከቀላች ብርሃኑ ቤት አልደረሰም ማለት ነው፤ አንዳንዴ ምክንያቱ በር ሥር ተጨፍልቆ ወይም ከሶፋ ጀርባ ከልክ በላይ ታጥፎ የተቀመጠ ቀጭን ገመድ ነው። በገመድ አልባ ጥፋቱ የአንቴናው ይሁን፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን፣ የሕዝቡ ብዛት ይሁን በምን ይለያል?

የገመድ አልባ ወገን፦

በሙከራ ይለያል። ቆርቆሮ ሞገድ እንደሚመልስ፣ 5ጂ የሚጠቀምበት ከፍ ያለ ሞገድም ኮንክሪት ሰብሮ ለመግባት እንደሚቸገር አምናለሁ፤ ስለዚህ ራውተሩ ቁም ሳጥን ላይ ሳይሆን በአንቴናው አቅጣጫ ባለ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ከመግዛቱ በፊት ደግሞ ገዢው የሁለቱንም ድርጅቶች ሲም በስልኩ ከትቶ፣ ተከራካሪዬ በጠቀሱት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ በዚያው መስኮት አጠገብ ቆሞ ፍጥነቱን ይለካል። ፋይበርን ውል ሳይፈርሙና የማስገቢያውን ሳይከፍሉ በገዛ ቤት እንዲህ የሚፈትኑበት መንገድ ካለ ተከራካሪዬ ያሳዩኝ።