ውሃን በበዓል ቀን ብቻ ለምናስታውስ

የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ሰዎች ሆይ፣ ከውሃ ጋር ያለን ነገር አላማረም። ከተማችን በግድብና በሐይቅ ተከባ ሳለ፣ እኛ ውሃ ትዝ የሚለን ፋሲካ ሲፈታ፣ እሬቻ ሲደርስ ወይም ግንቦት ላይ ፀሐይዋ ስትበረታብን ነው። ያን ቀን ቢራውን፣ ሥጋውንና ልጆቹን አንድ ሚኒባስ ላይ ጭነን እንወርዳለን። ከመካከላችን ዋና የሚችል ሰው አለ ወይ ብለን አንጠይቅም። ማታ አንድ ቤት ድንኳን ይተከላል። ከዚያ ደግሞ «ሐይቁ በየዓመቱ ሰው ይበላል፣ ጋኔን አለበት» ብለን ጥፋቱን ከራሳችን ላይ እናወርዳለን። ተዉ! ሰው የሚጠፋው ውሃውን ሳያውቅ፣ ሳይዘጋጅ ስለሚገባ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እንዴት አድርጎ እንደሚወስድ ግን ቁጭ ብለን አልተማርንም።

በመጀመሪያ የትኛው ውሃ ለምን እንደሚሆን እንወቅ። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ የምንጠጣቸው ናቸው። ለቡራዩ ወይም ለለገጣፎ ቅርብ ናቸው ተብሎ ልብስ አውልቆ መግባት በገዛ እንስራ ውስጥ እግር መታጠብ ነው። ለገቢውም ክፉ ናቸው። የግድቡ ፊት ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን አልጌ ስለሚያለብሰው መግባቱ ቀላል ሆኖ መውጣቱ ያንሸራትታል። ውሃው በሚሳብበትና ትርፉ በሚለቀቅበት በኩል ከላይ የማይታይ ስበት አለ። ገፈርሳ ግን ከዳር ለሚቀመጥ ሰው ዓመቱን ሙሉ ደስታ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ እዚያ ሣር ሲግጥ ይታያል። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ጨለለቃም የዋና ቦታ አይደለም። ጥልቀት የሌለው፣ በበጋ የሚሸሽ ረግረግ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ከሰሜን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች ይሰፍሩበታል። የሩቅ ማያ መነጽር ያለው መነጽሩን ይዞ ማለዳ ይሂድ፣ ውሻውን እቤት ይተው።

ስለ አባ ሳሙኤል ቁርጡን እንነጋገር። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይዘው የሚገቡት እዚያ ነው። እምቦጩ ሲሸፍነው ሜዳ ይመስላል። ልጆቻችሁ እጃቸውን እንኳ አይንከሩበት፤ ከዚያ የወጣ ዓሣም ገበታ ላይ ባይቀርብ ይሻላል። በየትኛውም ውሃ ላይ እንደ ቀለም የወፈረ አረንጓዴ ሽፋን ካያችሁም አትግቡ፣ ከብትም አታጠጡ። አንዳንዱ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ደግሞ ውሃው ስለተፈላ አይጠፋም።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንሄድባቸው ሐይቆች እንምጣ፤ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ። እነዚህ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ባቦጋያም ከ60 ያልፋል። ጉድጓዱ ገደላማ ስለሆነ ዳሩ ቀስ እያለ አይጠልቅም። ውሃው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ ይደርሳል፤ በሚቀጥለው እርምጃ መሬቱ ይከዳችኋል። ዋና የማይችል ሰው ከጉልበቱ በላይ አይግባ። እንኳን በማያውቀው ዳር፣ ዓምና በገባበትም ቢሆን 3 ሜትር ያህል ዱላ ይዞ ፊት ለፊቱን እየወጋ ይሂድ፤ ውሃው በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ዓምና የቆማችሁበት ድንጋይ ዘንድሮ ሰምጦ ይሆናል። ጭንቅላትን አስቀድሞ መዝለል ፈጽሞ አይሞከር። አንገቱ የተሰበረ ሰው ከውሃ ቢወጣም እንደበፊቱ አይሆንም።

የበጋው ፀሐይ ያታልላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውሃውን አቀዝቅዞት ያድራል፤ ቀትር ላይ ላዩ ሞቅ ቢልም ከስሩ ቀዝቃዛ ነው። ድንገት የገባ ሰው ትንፋሹ ሳያስበው ይሳባል። አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የመጀመሪያው ጉርሻ ውሃ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ግቡ። ፊትንና ደረትን አስቀድማችሁ አርጥቡ፣ በእግራችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ድንገት ከወደቃችሁ ለመዋኘት አትጣደፉ፤ በጀርባችሁ ተንጋሉ፣ ጆሮአችሁ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ አገጫችሁን ወደ ሰማይ አድርጉ። ትንፋሻችሁ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ይረጋል፤ ከዚያ ወደ ዳር መውጣት ትችላላችሁ። ከንፈሩ የጠቆረና የሚንቀጠቀጥ ልጅ ወዲያው ይውጣ፣ ይድረቅ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣ። ለአዋቂውም አረቄ ያሞቃል የሚባለው ስህተት ነው። አረቄ የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት የውስጡን ሙቀት አውጥቶ ይበትነዋል። የጠጣ ሰው አይዋኝ፣ ጀልባም አይቅዘፍ። ቢራው ከዋና በኋላ ይድረስ።

በነዚሁ ቀዝቃዛ ወራት አንዳንድ ጊዜ ዓሣ በብዛት ሞቶ ይንሳፈፋል። ሰው መርዝ ተጨመረ ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ላይኛው ውሃ ሲበርድ ከብዶ ይሰምጣል፣ ከስር የተኛው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ይወጣና ዓሣው ይታፈናል። ያም ቢሆን ሞቶ የተገኘ ዓሣ በጆንያ ሰብስቦ ለገበያ ማውጣት ነውር ነው፤ መቼ እንደሞተ ማን ያውቃል?

ጀልባ ላይ ስትወጡ ደግሞ እፍረታችሁን ተዉት። ላይፍ ጃኬት የሚለበሰው ዳር ላይ፣ ጀልባው ሳይነሳ ነው። መቀመጫ ስር ተከምሮ የሚሄድ ጃኬት ማንንም አላዳነም። ከመልበሳችሁ በፊት ስፖንጁን በጣታችሁ ጨምቁት፤ ተጨምቆ ከቀረ አልቆበታል። ጨርቁን ሳብ አድርጉት፤ ፀሐይ የበላው ስፌት ይተረተራል። መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ ቆልፉ። ከዚያ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉና ሌላ ሰው የጃኬቱን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጫችሁን አልፎ ጆሮ ከደረሰ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ወልቆ ይሄዳል። ለልጅ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ የግድ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ልጁ በታች ሾልኮ ይቀራል፣ ጃኬቱ ብቻ ይንሳፈፋል። ሁሉም ተሳፍሮ የጀልባው ጠርዝ ከውሃው በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ካልቀረው ሰው ይውረድ። ባለ ጀልባው «ችግር የለም» ቢላችሁ ገንዘባችሁን ተቀበሉና ተመለሱ። ነፋስ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ተሳፈሩ። ለፎቶ ተነስቶ መቆምና ሁሉም ወደ አንድ ጎን ማጋደል ጀልባ ይገለብጣል። ከተገለበጠ የተገለበጠውን ጀልባ ይዛችሁ ቆዩ። ዳሩ ከሩቅ ቅርብ ይመስላል፤ እሱን ብሎ ጀልባውን የለቀቀ መሃል ላይ ይደክማል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን በተለይ ልብ በሉ። የሚሰምጥ ሰው በፊልም እንደምናየው እየጮኸ እጁን አያወዛውዝም። ትንፋሽ የሌለው ሰው ድምፅም የለውም። ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይጣላል፣ አፉ ከውሃው ጋር እኩል ሆኖ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ፀጉሩ ዓይኑን ቢሸፍነው አይገፋውም፣ እጆቹ በጎን ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከሩቅ ሲታይ የሚጫወት ይመስላል። ይህ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ቢቆይ ነው፤ ለሕፃን ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ አንድ አዋቂ በስም ተመድቦ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ሳይጠጣ፣ ሥጋ ሳይጠብስ ልጆቹን ብቻ ይይ። በየ15 ደቂቃው ይቀየር፤ ተተኪው «ተረክቤያለሁ» ሳይል የፊተኛው አይነሳ። ሁላችንም እያየን ነው ማለት ማንም እያየ አይደለም ማለት ነው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ እጅ ከተዘረጋ የሚደረስበት ቦታ ብቻ ይሁን።

ሰው ሲሰምጥ ዘሎ መግባትም ሁለት ሬሳ ያመጣል። የሚሰምጥ ሰው የደረሰበትን ሁሉ ይጨብጣል፣ አዳኙንም ረግጦ ለመውጣት ይሞክራል። ስለዚህ ወደ ውሃ በሄዳችሁ ቁጥር አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ያዙ። ክዳኑ ውሃ የማያስገባ መሆኑን ቤት ውስጥ ሞክሩት። ከ15 እስከ 20 ሜትር ናይለን ገመድ እጀታው ላይ እሰሩ። አንድ ሊትር ያህል ውሃ ጨምሩበት፤ ባዶውን ቢወረወር ነፋስ ይመልሰዋል። የገመዱን ሌላ ጫፍ በእግራችሁ ረግጣችሁ ጀሪካኑን ከሰውየው አሳልፋችሁ ወርውሩ፣ ከዚያ ገመዱ እንዲነካው አድርጋችሁ ወደ እሱ ሳቡት። ይህ ጀሪካን ከ15 ኪሎ በላይ ያነሳል። በውሃ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱ ብቻ ከላይ እንዲቆይ ጥቂት ኪሎ ድጋፍ ይበቃዋል፤ ለሁለት ሰውም ይሆናል። ሰውየው ቅርብ ከሆነ ጋቢ ወይም ነጠላ ጠምዝዛችሁ፣ በሆዳችሁ ተኝታችሁ አቀብሉት፤ ቆማችሁ ከሳባችሁ ይዟችሁ ይገባል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚገድለው ሐይቁ ብቻ አይደለም፤ ሰፈራችን ውስጥ ያለው ጉድጓድም ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ አካባቢ ለመሠረት ተቆፍሮ የተተወውን፣ ድንጋይ ወጥቶለት የቀረውን ካባ ተመልከቱ። ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲርስ አብጦ ቀዳዳውን ሁሉ ስለሚደፍን ውሃ አያሰርግም። በሐምሌ የሞላ ጉድጓድ ጥቅምትና ኅዳር ድረስ ይቆያል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ ልጅ ለመውጣት ሲቧጥጠው ጭቃው በእጁ እየተገመሰ ይመለሳል፣ የታችኛው ጭቃ እግሩን ይዞ ያስቀረዋል። ውሃው ደፍርሶ ስለሚቆይ ውስጡ ያለው ብረትና ድንጋይ አይታይም። ቆፋሪው ሥራውን ሲጨርስ መድፈን፣ ሳይጨርስም ማጠር አለበት። ካላጠረ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ወረዳ ይሂድ፣ ደጋግሞ ይሂድ። እስከዚያው በአንድ ጎን መሰላል ወይም ቋጠሮ የበዛበት ገመድ በጠንካራ ችካል አስራችሁ ወደ ውስጥ ልቀቁ። ልጁ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ወንዝም እንዲሁ። ጳጉሜን ገብቶ ማለዳ ወንዝ ወርዶ የሚታጠብ ሰው ብዙ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የዓመቱን ውሃ ተሸክሞ የሚወርደው ያን ሰሞን ነው። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ፣ እንጦጦ ወይም ወጨጫ ላይ ግን ጠቁሮ ከሆነ ጎርፉ መንገድ ላይ ነው። ውሃው ሲደፈርስ፣ ጭራሮና ቅጠል ሲያመጣ፣ ከላይ ጉምጉምታ ሲሰማ ልብስ ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታ ውጡ። የሚሮጥ ውሃ ቁርጭምጭሚት አልፎ ከወጣ አዋቂን ያንገዳግዳል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ትጠበሉ እንደሆነ በጣሳ ቀድታችሁ ዳር ላይ ተጠበሉ። በረከቱ አይቀንስም።

ሰው ከውሃ ከወጣ በኋላ የምንሠራው ጥፋትም አለ። በእግሩ አንጠልጥሎ ማራገፍ፣ ሆዱን መጫን፣ ክብሪት ማሽተት ይቅር። ሆድ ሲጫን የሚወጣው ትውኪያ ወደ ሳንባ ይገባል። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙት፣ ግንባሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ አገጩን አንሱ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ንፉበት። ካልተነቃነቀ መሃል ደረቱ ላይ ሁለት እጅ ደርባችሁ 30 ጊዜ ጫኑ፤ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ከዚያ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። ቢያስመልሰው ወደ ጎን አዙራችሁ አፉን ጥረጉና ቀጥሉ። ሌላው ሰው ስልክ ይደውል፦ አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳትና አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ከከተማ ስትወጡ የምትሄዱበትን ከተማ የአምቡላንስ ስልክ ቀድማችሁ መዝግቡ። ነቅቶ ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም የሚያስለው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ሐኪም ቤት ይደር።

ስለ ቆሻሻውም እንናገር፣ ምክንያቱም ዝም ብለነዋል። የቢሾፍቱ ሐይቆች የሚወጣ ወንዝ የላቸውም። የገባባቸው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ውሃው ይተናል፣ ሳሙናውና ዘይቱ ግን አይተንም። መኪና ዳር አቁሞ ማጠብ፣ የሕፃን ዳይፐር ሣር ስር መሸጎጥ፣ ጠርሙስ ድንጋይ ላይ ሰብሮ መሄድ ለሚቀጥለው ሰው ልጅ እግር ወጥመድ መጣል ነው። ስትሄዱ ሁለት ጆንያ ያዙ፤ አንዱ ለራሳችሁ፣ ሌላው ከናንተ በፊት የመጣ ለጣለው። ከሰሉንም ውሃ አፍስሳችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና በጆንያው ክተቱት፤ አሸዋ የለበሰ ፍም ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይጠብሳል።

ዋና ለመማር የሚሻለው ጊዜ ከበዓል በፊት ያሉት ወራት ናቸው፤ ቦታውም ሐይቅ ሳይሆን ጥልቀቱ የተጻፈበት መዋኛ ገንዳ ነው። መጀመሪያ መንሳፈፍ ይለመድ፣ እጅና እግር ማንቀሳቀሱ ይደርሳል። አንድ ሰው ዋና ቻለ የሚባለው ከቁመቱ በሚጠልቅ ውሃ ገብቶ ጭንቅላቱ ከጠለቀ በኋላ ተመልሶ ሲወጣ፣ አንድ ደቂቃ ሳይጨነቅ ሲንሳፈፍ፣ ባለበት ዞሮ መውጫውን ሲያገኝ፣ 25 ሜትር ሲዋኝና ያለ መሰላል ራሱን ጎትቶ ሲወጣ ነው። ከአምስቱ አንዱ የቀረው ልጅ ገና አልቻለም፤ ሐይቅ ዳር ጃኬቱን ይልበስ።